የዱቤ ደብተር

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ሐዲዱ ሣር ከለበሰበት፣
ቆርቆሮው የዛገ፣ ሰማያዊ በር ያለበት፣
አንድ ምግብ ቤት አለ፤ እኔ ያደግሁበት።

አያቴ ተካልኝ የባቡር ወጥ ቤት ነበር፣
ከድሬ ለገሃር በፉርጎ ሲመላለስ የሚያድር።
ሲያሰናብቱት ጊዜ ደመወዙን አስቀርተው
ትልቅ የብረት ድስት ሰጡት፣ «ይኸው ድርሻህ» ብለው።
ተሸክሞት መጣ።
ሰፈሩ «ወንድ ወጥ ሠሪ!» እያለ አሽሟጠጠ፤
የቁሌቱ ሽታ ግን ያንኑ አሽሟጣጭ ምራቅ አስዋጠ።

ዱቤ በላተኛ ሲበዛ ገዛ ባለ ጥቁር ልባስ ደብተር፤
ፊደል አልቆጠረም፤ በሥዕል ነው ሰው የሚያሰፍር፦
ፍንጭቱ ጉልላት — ሁለት ጭረት፣ መሃሉ ክፍት በር፤
ከፋብሪካ የምትመጣው ዘርፌ — ጥንጥን ክር፤
ሾፌሩ መርጊያ — የመኪና መሪ፣ ከሥሩ ጭረት ሲደረደር።

እናቴ እቴነሽ ስትረከብ ዘመን ተገልብጦ
የበሩ ላይ ጽሑፍ «ኅብረት» በሚል ተለውጦ፣
ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ያን ቀይ ቀለም ሲያጥበው
«ባቡር ምግብ ቤት» ይላል ከሥር፣ ማን ሊከለክለው!
የቀበሌው ሊቀመንበር ሊቆጣ ይመጣል፤
ተቆጥቶ ሲያበቃ ቋንጣ ፍርፍር ያዛል፤
«በደብተር ያዢልኝ» ብሎ ሹልክ ይላል።
እሷ ፊደል ታውቃለች፤ ስሙን ግን አልጻፈችውም፤
በአባቷ ልማድ ሳለችው — አፍ ብቻ፤ ዓይን እንኳ የለውም።

ከዚያ ገጽ ወዲህ ያሉት፣ ብዙዎቹ፣ አልተሰረዙም።
ወጣቶች ነበሩ። ወጡ። ለምሳ አልተመለሱም።
ስጠይቃት እናቴ ጨው ላምጣ ብላ ትነሣለች፣
ጨው ሞልቶ ሳለ።

አሁን እኔ ነኝ። ባለፈው ሚያዝያ ሲኖትራኩን አቁሞ
አንድ ጎረምሳ ገባ፤ በሩ ላይ ተጋደመ... አይ፣ ቆመ ቆሞ፣
«የተካልኝ ቤት ይኼ ነው?
አባቴ መርጊያ ሊሞት ሲል ‹አቃቂ ዕዳ አለብኝ› አለ።
ፈልጊልኝ።» ፈለግሁ። ሥዕሉ ጭራሽ አልደበዘዘም፣ አለ፦
መሪ፤ ሰባት ጭረት፤
ሰባት ምሳ በስሙኒ ስሙኒ፣ የያኔው ሒሳብ ማለት
አንድ ብር ከሰባ አምስት።
መቶ ብር ዘረጋ። መልስ ከየት ላምጣለት?
ስምንተኛውን ምሳ አቀረብኩ። እናቴ ከጥግ ሆና አየችው፦
«አበላሉ የመርጊያ ነው» አለች፤ እንባ አልነበረም፣ ሳቅ ነው የያዛት፣ ዋጠችው።

ባለፈው ሳምንት ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም
ቁጥር ጻፉ፤ መቶ አርባ ሁለት፤ ማብራሪያ የለም።
መንገድ ይሰፋል አሉ። እናቴ ወጥታ አየችና፣
«እኛም ተመዘገብን» አለች፤ ገባች እንደገና።

ማታ ግን፣ ደንበኛው ሲያልቅ፣ በሩን ከውስጥ ዘግቼ
የአያቴን ድስት ለካሁት፣ ሜትር ከጆሮ ጆሮው ዘርግቼ።

በሚኒባስ በር ይገባል።