የጀልባው እግር

በጋሪ ነው ያመጡት፣ በሰሌን ጠቅልለው፤
አቶ ብናልፈው ከኋላ፣ ኮፍያውን በእጁ፣ በሽተኛ እንዳለው።
«እግሩ ነው» አለ ዝቅ ብሎ፤ «እግሩን ነው ያመመው።»
እኛም እግር ነው የምንለው፣ ከጀልባው ኋላ ወርዶ
ውኃ ውስጥ የሚቆመውን፣ ፕሮፔለሩን ተጫምቶ።

ጋሽ ስንሻው ጥፍሩን ከቀለሙ ሥር ሰደደ፤
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፣ ነጭ ዱቄት ወረደ።
ነካ አድርጎ ቀመሰው። «ጨው» አለኝ።
«ይኸ እግር ጅቡቲ ኖሯል። ቅመሽው፣ አንጓች።»

ቀመስኩት።
ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ባሕር ዳር አድጌ፣
ባሕርን በምላሴ ያገኘሁት ያን ቀን ነው፣
ከአንድ አሮጌ ብረት ገላ ላይ።
(ብረት አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው፤ ጋሽ ስንሻው ቢሰማኝ ይቆጣል።)

ሦስት ቀን ፋቅሁት።
የእምቦጭ ሥር ዘንጉ ላይ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ነበር፣ በቢላ ፈታሁት።
በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ ወደ ለስላሳው ወረድኩ፤
የሽቦ ብሩሽ ሳነሣ ግን ተቆጣ፦
«የብረት ብናኝ ክፉ እንግዳ ነው፣
ሲወጣም ጠብ ትቶ ነው።»
ከጥቁሩ ሥር ግራጫ፣ ከግራጫው ሥር ሰማያዊ ወጣ፤
ከሰማያዊው ሥር ደግሞ በምስማር የተጫረ የዓረብ ፊደል፣
የሰው ስም ይሆናል፣ የጀልባ ይሆናል።
እጄ ቆም አለ።
ከዚያ ፋቅሁት።

«ጉድፍ ላይ ያረፈ ቀለም፣
ጠዋት አለ፣ ማታ የለም»
እያለ ቲነር አቀበለኝ። በጨርቅ ጠረግሁ፣
ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ።
ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፣ የእጅ ወዝ ጠላቱ ነው፤
ከዚህ በኋላ አያድርም፣
አሉሚኒየም ራቁቱን መቆየት አይወድም፣
ዓይን የማያየው ቆዳ በሰዓታት ያበቅላል፣
ቀለም ደግሞ ያን ቆዳ አያምነውም።

ስለዚህ በማለዳ፣ የጣና ነፋስ ሳይነሣ፣ ትንኙ ሳይወጣ፣
የመጀመሪያውን ቅብ እንደ ትንፋሽ አሳስቼ ረጨሁት።
ግማሹ ላይ መብራት ጠፋ።
ኮምፕሬሰሩ አቃሰተና ዝም አለ።
ግማሽ ቢጫ እግር ከበን ቆምን ሦስታችን፣ ለቅሶ ቤት ይመስል።
አቶ ብናልፈው ከፌስታሉ ቀይ ጣሳ አወጣ፦
«ይኸስ? መዳብ አለበት አሉኝ፣ አረንቋ አያስጠጋም።»
«መዳብና አሉሚኒየም» አለ ጋሽ ስንሻው፣
«ውኃ ውስጥ ባልና ሚስት አይሆኑም። አንዱ ሌላውን ይበላል።»
ጣሳው ወደ ፌስታሉ ተመለሰ። መብራት መጣ።

ጥቁሩን ስረጭ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ የታሰረችው ትንሽ ብረት ጋ ስደርስ
እጄን ያዘኝ።
«እሷን አትቀቢ።
መበላት ነው ሥራዋ። ከቀባሻት እሷ ትተርፋለች፣ እግሩ ይበላል።»
በፕላስተር ሸፈንኳት። ስጨርስ ገለጥኳት።

ቅዳሜ ዱቄት ጭነን ክብራን ሄድን።
ክብራን ሴት አትወርድም፤ ሞተሩን ላዳምጥ ነው የተሳፈርኩት።
እኔ የቀባሁት እግር የደሴቲቱን ጠጠር ነካ፣
የእኔው ሁለቱ ጀልባው ውስጥ ቀሩ።
አንድ መነኩሴ ጆንያ እየተቀበሉ
«እንደ አዲስ አብርታችሁታልሳ፣ ማን ቀባው?» አሉ።
አቶ ብናልፈው እኔን አየ፣ ጆንያውን አየ።
«ጋራዥ ነው» አለ።

ስንመለስ እምቦጭ ያዘን። እግሩን አነሣሁት፣
ጥቁር፣ የሚንጠባጠብ፣ ፀሐይ የምትንሸራተትበት።
ያችን ራቁቷን ብረት በጣቴ ዳበስኳት፤ ገና ሙሉ ናት።
ጥፍሬን ከቀለሙ ሥር ልሰድ ሞከርኩ።
አልገባም።