ጉበንና ጉበት

ኪሉንግ ወደብ ዳር፣ ዝናብ በማያባራበት፣
የዓሣ ጀልባ ሞተር ስትፈታ ውለህ ስትገባ ቤት፣
ጂንሹይ፣ በቀኝ ትከሻህ ላይ አንድ ሕመም አደረ፤
ብረት ሲሸከም የኖረ ሰው ትከሻው ቢያመው ምን ነበረ?
ፕላስተር ለጠፍኩልህ፣ የሚያቃጥለውን።
ለካ ሕመም የራሱን ደጅ ትቶ
ያንኳኳል የጎረቤቱን።

በሦስተኛው ሌሊት ጥርስህ ሲንገጫገጭ፣ አልጋው አብሮ ሲንቀጠቀጥ፣
የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎኝ ተነሣሁ፣ እንደለመድነው፣ ልሮጥ።
ብርጭቆው ግን ከመደርደሪያው ላይ አልተነቃነቀ፤
ያንተ ገላ ብቻ ነበር የጋለ፣ ላብ ያፈለቀ።

ሾርባህን ገፋህ፤ ያውም የዓሣውን፣ ዝንጅብል የበዛበትን፤
ቀበቶህን በምስማር በሳህ፣ ሁለት አዲስ ቀዳዳ፣ ሳታሰማን።
"ምነው?" ስልህ፣ "ሆድ ይፍጀው።"
"ሐኪም ቤት እንሂድ" ስልህ፣ "ሆድ ይፍጀው።"
ሆድህም፣ ታዛዥ ነውና፣ ሊፈጀው ሞከረ፤
ያቃተውን ወደ ላይ፣ ወደ ጉበትህ አሻገረ።

የብረት መፍቻ አውራ ጣትህን ሲጨፈልቀው ያልጮኽክ ሰው፣
የነርሷ ጣት ከጎድንህ ሥር ቢያርፍ፣ ድምፅህ ኮሪደሩን ሞላው።
በስክሪኑ ላይ ጉበትህ ታየ፦ በቀኙ በኩል ጥቁር ዋሻ፣
የብርቱካን ያህል፤
ማን ቆፈረው? ያለ ዶማ፣ ያለ መዶሻ።

ዶክተር ሊያው መረመረች፣ ዱካ እንደሚከተል ሌባ አሳዳጅ፦
"በሐሞት ቦይ ይሆን፣ ጠጠር በዘጋው? በትርፍ አንጀት፣ በፈነዳ ደጅ?"
ሁሉም ደህና። ሁሉም ዝግ።
"የውስጥ ሰው ነው" አለች፤ "የአንጀቱ ተከራይ፣ ዓመታት የኖረ በወግ።
ወደ ጉበት በሚወጣው ደም ሥር ሄደ፣ ጉበኑን አልፎ፣
ስኳሩ ዘበኞቹን ሁሉ አስተኝቶለት፣ በጣፋጭ አሳርፎ።"

ስኳር?
ሌሊት ሌሊት ውኃ ስትጨልጥ ሰምቻለሁ፣ በጨለማ፣ ከቧንቧው ሥር፤
የባሕሩ ጨው ነው አልኩ። ጨዉ ስኳሩን ሲሸፍንልህ ነበር።

ቱቦ ሰደዱ። መግሉ ወረደ፣ ወፍራም፣ ሰናፍጭ የመሰለ፤
አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከረጢቱ ሞላ፣ ትኩሳትህ ግን መች ጎደለ።
የወንድምህ ልጅ ሹፌን ከላቦራቶሪ ወጣች፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፦
"ከሳህኑ ላይ በሽቦ ጫፍ ባነሣው፣ አክስቴ፣ ተሳበ፣ ተሳበ፣
እንደ ተልባ ልሃጭ፤ መች ተበጠሰ፣ መች ረገበ!
እንዲህ ያለው ዓይን ድረስ ይጓዛል። ዓይኑን ጠይቂው፣ ዛሬውኑ።"

ሦስት ጣት ዘረጋሁልህ። "ስንት ነው?"
ዝም አልክ።
ዝናቡ መስኮቱን ይቆጥራል።
ልቤ ወርዶ ወርዶ ከጫማዬ ደረሰ።
"ሦስት" አልክ። ቆየህና፣ "ቀለበትሽስ?"

ቀለበቴን ማን እንደያዘው፣ በስንት እንደያዘው፣
ለኪራዩ እንደሆነ፣ ገና አልነገርኩህም።
"ሆድ ይፍጀው" ልል ከከንፈሬ ደረሰ።
ከጎንህ የወጣውን ቱቦ አየሁ፣
ጠብ፣ ጠብ ሲል።

ወንበሬን ሳብኩና
ሁሉን ነገርኩህ።