የሦስት ቀን ሸሚዝ

ሐሙስ ማታ ሁሌ፣ ሃኮዳቴ ወደብ፣
ከትራም ማዞሪያው ሥር፣ ከኑድል ቤቱ ጥግ፣
አራት ሆነን ካሜራ መክበብ።

ቶዮሂሳ ይጀምራል፦ «ዋናው ነገር ሌንሱ!»
ሪሳ ትመልሳለች፦ «ማየት የማይችል ሰው ምን ሊያደርግ በእሱ?»
ጎሮኩ፣ የድሮው የትራም ሹፌር፣
«መስታወት አልባ ነው፤ ራሱን አያይም፣ ሌላውን ነው እንጂ» ይላል፤
በብርድ የደከመ ባትሪውን በብብቱ ያሞቃል።

ከዚያ ተራ በተራ ሳምንታችን ይወጣል፦
የድመት ዱካ በበረዶ ላይ፣ የዓሣ ሻጭ ጓንት፣
ጎማው የተነፈሰ የፖስተኛ ብስክሌት።

ሪሳ ግን ያው ናት፤ ከመስኮቷ ማዶ፣
የጎረቤት ሰገነት፣ ገመድ ላይ ሸሚዝ።
«ይሄ የማክሰኞ፣ ይሄኛው የረቡዕ፣ ይሄ የዛሬ ጠዋት፤
ጥላውን እዩልኝ ግድግዳው ላይ ሲሸራተት።»

ስለ ጥላው ስንከራከር
ጎሮኩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
«ሸሚዙ ያው ነው» አለ።
ያው ቢጫ፣ ያው መቆንጠጫ።
ማክሰኞ ይንጠባጠባል፤
ረቡዕ ጠርዙ ነጥቷል፤
ዛሬ እንደ ሳንቃ ቆሟል፣ በረዶ ትከሻው ላይ አድሮ።

«ሽማግሌው… ብቻውን አይደል የሚኖረው?»

ወንበር ተንኳኳ። ኮት ያልደረበም ወጣ፣
እኔም የጫማዬን ክር ሳላስር።

ወድቆ ነበር፣ ከመታጠቢያው ደፍ፣ እግሩ ታጥፎ፤
ግን ነቅቷል።
«ሸሚዜን አስገቡልኝ» አለን መጀመሪያ።

ባለ ኑድል ቤቷ ኋላ ነገረችን፦
አራት ሾርባ ሲቀዘቅዝ
እንፋሎቱ ሌንሶቹን ጉም እያለበሰ፣
በመሐረቧ ስትጠርግ አመሸች።

ቢጫውን ሸሚዝ እንደ በር ታቅፌ ያስገባሁት እኔ ነኝ።
የዚያን ማታ ፎቶ የለንም።