ሦስት ዩ፣ አንድ ሰረዝ

ክላክስቪክ ወደብ ላይ ዝናቡ ተጋድሞ፣
መንደሩ ጀልባውን አስሮ፣ ተኝቶ፣ ደክሞ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ስልኬ ተንጫጫ፤
ተነሽ ይላል፣ ተነሽ፣ የመዝገቡ ማስቀመጫ።

የባሕርን ሙላት፣ የባሕርን ጉድለት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየሰዓት በየሰዓት፣
ያሰፈርንበት ሣጥን ራሱ ጎደለ፤
አራት ዲስክ ነበር፤ ዛሬ ሦስት አለ።

ካፖርቴን ከሌሊት ልብሴ ላይ ደርቤ
ምድር ቤት ወረድኩኝ፣ እንቅልፌን አንግቤ፤
አንዲቷን ፋይል ጠራሁ፣ ሃኑስ ያሳየኝን፣
ጡረታ ሊወጣ ሲል አደራ ያለኝን።

ስሟ ኤምዲስታት ነው፣ ፕሮክ ውስጥ ያለች፤
ክብደቷ ዜሮ ባይት፤ ዲስክ ላይ የለች፤
ስትጠራት ትፈጠር፣ ስትተዋት ትጠፋለች፤
ከርነሉ በዚያች ቅጽበት የሚያስበውን ትናገራለች።
ሃኑስ ይል ነበር፦ «ማርዩን፣ መብራት አይተሽ አትፍረጂ፤
አረንጓዴ ለሁሉም ይስቃል፤ ጠይቂው እንጂ።»

ጠየቅኩ።
ዩ፣ ዩ፣ ዩ፣
ሰረዝ።
ሦስት ቋሚ፣ አንድ ወለል።
ጥርስ የወለቀበት ድድ፣
ምላስ ደጋግሞ የሚዳስሰው።

ደግነቱ ስሌት አለ፤ የሟች ኑዛዜ አይቀበርም፤
ሦስቱ ቋሚ ከተማከሩ ያወቀው ሁሉ አይሰወርም።
እዚያ ውስጥ አለች የትሮንዱር ጀልባ የቀረችበት ሌሊት፣
የውሃው ከፍታ ብቻ፣ የሰው ስም የሌለበት።

የሞተውን ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ፤
«ግባ» አልኩት፣ ገባ፤ ወንበር ስቤ አየሁ።
ከመቶ ነጥብ አንድ። ከመቶ ነጥብ ሦስት።
ጥድፊያ የሚታዘዝበት ፋይል አለ፤ ቁጥር ጻፍኩበት፦
ሁለት መቶ ሺህ።
ወዲያው ሁለተኛው ዲስክ አቃሰተ፣ ጋለ፤
አሁን ይኼ ከሞተ፣ የሠላሳ ዓመት ባሕር የለ።
የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤
እዚህ ቤት ግን የፈሰሰ መቼ ይለቀማል?
ቁጥሩን አጥፍቼ ሃያ ሺህ ጻፍኩለት፤
አዛውንት ነውና፣ ቀስ ብሎ እንዲናገር ጊዜ ሰጠሁት።

ነጋ። እዚህ በኅዳር ነጋ ማለት
ጥቁሩ ግራጫ ሆነ ማለት ነው።
የካልሶይ ጀልባ ጡሩንባውን ነፋ።
ዩ፣ ዩ፣ ዩ፣ ዩ።

መሄድ እችል ነበር።
ግን ባለፈው ወር፣ አራቱም ነባሮች ሳሉ፣
በሌላይቱ ትንሽ ፋይል ላይ «ፈትሽ» ብዬ ጽፌ፣
«ስምንት ቦታ አልተስማሙም» ብሎኝ ነበር በቃሉ፤
ማን እንደ ዋሸ ግን አልነገረኝም። እሱም አያውቅማ።
ዛሬም «ፈትሽ» አልኩት።
ከሰዓታት በኋላ፦ ዜሮ።
ዜሮ!
ስምንቱስ? የት ገቡ?

አዲሱ ከሦስቱ አፍ ሰምቶ ያደገ ነው፤
አንዳቸው ከዋሹ፣ ውሸቱንም ወርሶ እውነት ነው የሚለው።
ቤቱ ተስማምቷል፤
መስማማትና እውነት ግን ለየቅል ናቸው።

ሃኑስ፣ ማሽን ከመጣም በኋላ፣ በየማለዳው
ምሰሶው ድረስ ወርዶ ውሃውን በዓይኑ እያየው
በእርሳስ ይጽፍ ነበር። እኛ ሳቅንበት።
ደብተሩን ዛሬ ከመሳቢያው አወጣሁት፤
ስምንቱ የተጣሉበትን ቀን ፈለግኩ፣ የካቲትን ገልጬ።
ማሽኑ፦ አንድ ነጥብ አርባ ሁለት።
ደብተሩ፦ አንድ ነጥብ ሃያ አራት።
ወይ ዲስኩ ቀጠፈ፣ ወይ የሃኑስ ጣት
በብርድ ደንዝዞ ቁጥር አገላበጠ።
ደወልኩለት። ብዙ ዝም ብሎ
«በረዶ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረ።

ሁለቱንም ጻፍኩ፣ ጎን ለጎን፤
አንዱንም አልሰረዝኩ።
ከዚያ እርሳስ ይዤ
ወደ ምሰሶው ወረድኩ።