መመለሻ ሽቦ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በሬ ተደበደበ፣
ውሻው ጩኸቱን ትቶ ጠረኑን አነበበ።
ሳምፔ ነው፣ ዓሣ ጫኝ፣ ከፓሎፖ መጥቶ፣
ጃኬቱ በቅርፊት ከአንገት በታች በርቶ፤
እሱ ራሱ በርቶ፣ ሞተሩ ጨልሞ፣
የገደሉን ኩርባ በስልኩ ለቅሞ።

«አምፖሉ ተቃጥሏል። አዲስ አምፖል ስጪኝ።
በዚህ ወር አራተኛ ነው፤ ሊንቲን፣ ቀንሺልኝ።»

አምፖል ይቆይ አልኩት። ነክሼ የእጅ መብራት፣
ተንበርክኬ ገባሁ ከሽቦዎቹ ቤት።
መጀመሪያ ባትሪው፦ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት፤
አይከፋም ለሌሊት፣ ለደከመ ፍጥረት።
ቀጥሎ ፊውዙን፤ በመስታወቱ ውስጥ ክር፣
አልተበጠሰችም፣ ቀጭን እንደ ፀጉር።
ማብሪያውን ቋ አረግሁት፣ ደግሜ ቋ አረግሁት፤
እሱም ንጹሕ ነበር፣ በከንቱ ጠረጠርኩት።
አንዱን ጫፍ ከባትሪው፣ አንዱን ከአምፖሉ ቤት፣
መሞከሪያዬ በራች፤ ኃይል አለበት!
እንግዳው ደጅ ደርሷል፤ ታዲያ ምን አገደው
እንዳይገባ ከቤት፣ እንዳይሞቅ ምድጃው?

አምፖሉን ነቅዬ ወደ ዓይኔ አነሳሁ፤
ክሩ ሙሉ፣ ደኅና።
                «ሳምፔ፣ ልጠይቅህ፤
የቀድሞዎቹ ሦስቱ? የት አደረግካቸው?»
«ገደል ጣልኳቸዋ! ሞተው ምን ላድርጋቸው?»

«አልሞቱም።»

ዝም አለ። ዝናቡ ብቻ
ቆርቆሮዬ ላይ ያወራል።

«ስማኝ፤ ለኃይል መሄጃ ብቻውን አይበቃውም፣
መመለሻ ካጣ አንዲት ክር አያሞቅም።
ከባትሪው ይወጣል፣ አምፖሉን ያበራል፣
ከዚያ በጥቁሯ ሽቦ ወደ ቤት ይገባል።
ሰው ቀዩን ነው የሚያይ፣ ሰው አምፖል ነው የሚወቅስ፤
ጥቁሯን ማን ዞር ብሎ አይቷት እስክትበጠስ?
ማሳ ነው የምንላት እኛ በሙያችን።»

ማሳ ስል ቀና አለ።
አፌ ቀደመኝ።

አባቱ ሲሞት ለቀብሩ ጎሽ ጠፋ፤
ቤተ ዘመዱ ቆሟል፣ ሰው ያያል፣ ሰው ያማል።
ያ እርከን በእርከን የወረደው የሩዝ ማሳ
በመያዣ ሄደ ከፓሊምቦንግ እጅ።
ይኸው አራት ዓመት፣ ዓሣ ሲያመላልስ፣
በገደል፣ በጭጋግ፣ ማሳውን ሊያስመልስ።

እሱ ያንን ያስብ፤ እኔ ግን ጥቁሯን
ተከተልኳት በጣቴ፦ ከፋኖሱ ወጥታ፣
በነዳጁ ጋን ሥር ከወንበር ሥር ገብታ፣
ከሻንሲው ብሎን ላይ፣ ከቅርጫቱ በታች፣
አረንጓዴ ለብሳ፣ ተበልታ ተኝታለች።
በረዶው ሲሟሟ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ በየሌሊቱ፤
ማሳ ለማስመለስ የተጫነው ዓሣ
ጨው እያንጠባጠበ በላበት የሱን ማሳ።

ይህን አልነገርኩትም።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የማይነገር አለ።

ብረቱን በአሸዋ ወረቀት ፋቅሁት እስኪነጣ፣
የበሰበሰውን ቆረጥሁ፣ ንጹሑ መዳብ እስኪመጣ፤
አዲስ ጫፍ ገጠምሁ፣ ብሎኑን ጠመዘዝሁ፣
ቅባት ደፈንሁበት፣ በላስቲክ ጠቀለልሁ።
ያንኑ አምፖል መለስሁ፣ ሞቷል የተባለውን።

«ቁልፉን አዙር» አልኩት።

ግድግዳዬ ዘለለ! ካቻምና የሰቀልኩት
ካላንደር፣ ያረጀ ጎማ፣ የሸረሪት ድር፤
ለካ በስተግራ ጣሪያዬ ያፈስ ነበር።

ሳቀ። ደግሞ አጠፋው፣ ደግሞ አበራው፣ እንደ ሕፃን።
«ስንት ልስጥሽ?»
«ሁለት ዓሣ። ለአምፖሉ አልቀበልም።
ከቅርጫቱም በታች ሸራ ዘርጋ፤ ውሃው
ወደ ጎን ይፍሰስልህ።»

ገበያው ሳይከፈት ራንቴፓኦ ሊደርስ ሄደ።
የኋላዋ ቀይ መብራት እስከ ሦስተኛው ኩርባ
ታየችኝ፤ ከዚያ ተራራው ጋረዳት።

ዓሣዎቹን አጠብኩ።
እጣቢውን ይዤ በዝናቡ ወጣሁ፣
ከብረቶቼ አርቄ፣ ከቦዩ ማዶ ደፋሁ።