የቀዘቀዘ ጣት

ደሴ ላይ አሪፍ ሰው አይበርደውም፤
ይህን ሕግ ማን እንደጻፈው ግን የሚያውቅ የለም።
ጦሳ ጉሙን ሲለቅ፣ ፒያሳ ከወገብ በላይ ሲጠፋ፣
ዚፑን የዘጋ ፋራ፣
ጋቢ የደረበ የባሰ ፋራ፤
ልጆቹ ጃኬታቸውን ከፍተው በየጥጉ ይቆማሉ፣
"አልበረዳችሁም?" ስትል፣ "ምን ብርድ አለ አቦ!" ይላሉ፣
ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ይስቃሉ።

እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፤
የሰው ስክሪን ሲሰነጠቅ እንጀራ የሚወጣልኝ።
ሱቄ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ፣ ከፎቶ ቤቱ ደረጃ ሥር፣
አንድ አምፖል፣ አንድ አጉሊ መነጽር፣
ከደንበኛ የተረፈ የብሎን ዘር።

ድሮ ስልክ ብሎን ነበረው፤
ፈተህ፣ አራግፈህ፣ እፍ ብለህ ትመልሰው።
የዛሬው አሪፍ ነው፤ መጋጠሚያ የለው፣ ስፌት የለው፣
ጀርባው ልሙጥ መስታወት፣ ሆዱን የማያሳይ ለሰው፤
በሙጫ ነው የተዘጋው።
ቢላ አይከፍተውም። ጉልበት ይሰብረዋል።
ዙሪያውን በሞቀ አየር ቀስ ብለህ ስታሞቀው ግን
ራሱ ይለቃል።

እኔም በጊዜዬ አሪፍ ነበርሁ።
ባትሪ የሌለው ዋክማን ወገቤ ላይ ታጥቄ፣
ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣
ከአራዳ እስከ ሰኞ ገበያ
በሌለ ዘፈን አንገቴን እየነቀነቅሁ እወርድ ነበር።
ባትሪ ውድ ነበረ፤ መነቅነቅ ነጻ።
አንድ ቅዳሜ ዘምዘም ከጨርቅ ተራው ማዶ ስሜን ጠራች።
ሰማኋት።
ደግማ ጠራች። ጥርት አድርጌ ሰማኋት።
ግን ዋክማን ያደረገ ሰው እንዴት ይሰማል?
በሦስተኛው ድምጿ ትንሽ ዝቅ አለ፤
አራተኛው አልመጣም።

እና የኑረዲን ስልክ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቦይ ገብቶ
በፌስታል ተጠቅልሎ ሲመጣ፣
አሞቅሁት፣ ከፈትሁት፣ በአልኮል አጠብሁት፤ ነፍስ ዘራ።
ፊደሎቹን ልፈትሽ ብዬ መልእክቱን ነካሁ።
ማየት አልነበረብኝም። አየሁ።

ለሐያት የተላከው እንዲህ ነው፦
ሰላምታው በፈረንጅ ፊደል፣ አናባቢው ተገፎ፣
ሦስት ተነባቢ ብቻ፤ ሥጋዋ ተበልቶ አጥንቷ የቀረ ሰላም።
"እዛ በረደህ ወይ? ኮምቦልቻ ሙቀቱ ገደለን" ብላ ስትጽፍ
በደቂቃው አይቶ፣
አራት ሰዓት ጠብቆ፣
"ኖርማል" ይላል መልሱ።
ቶሎ መመለስ ፋራነት ነው፤
ናፍቆት በሰዓት ይሸፈናል።

ያልተላከው ደግሞ ከሥር ተደርድሯል፣
በሙሉ ፊደል፣ ከነአራት ነጥቡ፦
"ሐያት፣ ትናንት ሐረጎን ወርጄ መጥቼ ነበር።
ከፋብሪካው በር ማዶ ቆሜ ፈረቃ ስትለቁ አየሁሽ።
ፀጉርሽ ላይ ጥጥ ነበረ።
ላነሳልሽ ፈልጌ እጄ ከኪሴ አልወጣ አለኝ።
በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለስሁ። በጣም በርዶኝ ነበር።"
ሌላም ሌላም አለ። አላነበብሁም።
እሺ፣ አንድ አነበብሁ።
ስሟን በሐመሩ ሐ ነው የሚጽፈው፣ አንዴም ሳይስት፤
ፊደል የሚያስጨንቀው ሰው አሪፍ ሊሆን አይችልም።

ማምሻውን መጣ፣ ጃኬቱ እንደተከፈተ።
"ካልሆነ ጣለው ጋሼ፤ አሮጌ ነው፣ አያሳስብም።"
ዞሮ ሁለት እርምጃ ሄደ። ጉሙ ግማሹን ወሰደው።
የቀረው ግማሽ ቆመና፣
"ውስጡ ያለውስ... አለ?"

"አለ" አልሁት።

ተቀበለኝ። አውራ ጣቱን አሳረፈ፤ ስልኩ አላወቀውም።
ደግሞ ነካው። አላወቀውም።
መስታወት የቀዘቀዘ ጣት አይለይም፤
ደሴ በጥር ስንቱን ከገዛ ስልኩ ደጅ አስቀርታለች።
ጣቶቹን ወደ አፉ ወስዶ በትንፋሹ አሞቃቸው፣
እንደ ሕፃን፣
ሰው እያየው።
ከዚያ መጻፍ ጀመረ፣ በረጅሙ፣
ከንፈሩ እያንዳንዱን ፊደል እየተከተለ፣
አንዳንዴም ድምፅ እያመለጠው።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ብሎን መቁጠር ያዝሁ።
ምንም እንዳልሰማ ሆንሁ፤
በዚህ የቆየ ልምድ አለኝ።