አንድ ሜትር በአንድ ሜትር

አሠልጣኙ እንዳለን፣ ባሕር ያለው አገር
አረም ከውሃ ወጥቶ ዳርቻውን ሲወር
በዚሁ ሽቦ ነው የሚለካው፤ አራት ማዕዘን ነው፣ ጎኑ አንድ ሜትር።
እኛ ባሕር የለን፤ ያለችን ደቻቱ፣
አሥር ወር አሸዋ፣ ጎርፍ ለአንድ ሌሊቱ።

ዓይኔን ጨፍኜ ወረወርሁት ወደ ኋላ፤
ደንቡ እንዲህ ነው፣ እጅ እንዳያዳላ።
ከወደቀበት ተንበርክኬ ቆጠርሁ፦
ቅንጨ አረም ሠላሳ አንድ፤ ሣር ሦስት፤
የሕፃን ነጠላ ጫማ አንድ፣ የግራ እግር፤
እርሱ ከቅጹ ባይኖርም ጻፍሁት።

ነጭ አበባው ከሩቅ ለሙሽራ ያምራል፤
ማታ ግን ክንዴ ላይ እንደ ሳማ ይነድዳል።
ከለገሀሬ ነው ይላሉ የወጣው፣
ከስንዴ ከረጢት ጋር ያለ ትኬት ተሳፍሮ፤
ያኔ ማንም አልጠየቀው፣
ዛሬ እኔን ይጠይቀኛል የግብርናው ቢሮ።

በቢዮ አዋሌ በኩል፣ ከማሽላው ጥግ ስደርስ
አባ ሙሜ ቆመዋል፣ ሽቦዬን እያዩ።
«ምን ልታጠምጂ ነው?»
«መቶኛ» አልሁ፣ «ስንት እጁን እንደያዘው መሬት፤
ለፖሊሲ ነው፣ በላይ ላሉት።»
ሳቃቸው መጣና መንገድ ላይ ሳል ሆነ።
«እኛማ ለክተን ጨርሰን ስም አውጥተናል፤
ፈረምሲሳ እንለዋለን፣
ፈርምና ልቀቅ ማለት ነው፤ መሬት ያስለቅቃል።
ፍየሏ ስትበላው ወተቷ ይመርራል፤
እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ ቅጽሽ ላይ
ምሬት በስንት ይሞላል?»

ቁመት አለ። ብዛት አለ። ሽፋን አለ።
ለምሬት የሚሆን አምድ ግን ማንም አልከፈለ።

ከዚራ፣ ቢሮ፣ አመሻሽ። ደመርሁ፣ አካፈልሁ፤
ስድሳ ሁለት ነጥብ አራት አልሁ።
«ስድሳ በዪው» አለኝ ጠለሃ፣ ኃላፊው፣
«ለሚቸኩል ሰው ሙሉ ቁጥር ነው የሚገባው።»
ሁለት ነጥብ አራት።
ለጆሮ ምን አላት?
ግን የአባ ሙሜ ማሽላ፣ ፍየሏም፣ ሳሉም ጭምር
እዚያች ውስጥ ቢሆንስ፣
እንደ እብቅ እፍ በተባለችው ትንሽ ቁጥር?

ከግርጌ መስመር አለ፦ የለኪዋ ፊርማ።
እስክሪብቶዬን አነሣሁ።
ከእጅጌዬ እጥፋት ጥቁር ፍሬ ጠብ አለ፣
የመርፌ ቀዳዳ የማያህል፣
ስሜን ልጽፍበት ካሰብሁት ቦታ ላይ።